ከታችኛው በር የተመለሱ

የጎረቤቴ ቀኝ እጅ ኮቷ ኪስ ይገባል፣ አንድ የባቄላ ፍሬ ይዞ ይወጣል፣ ግራ ኪሷ ውስጥ ይጥለዋል። አንድ ሰው ገባ ማለት ነው። ሌሎቹ ቆጣሪዎች ወረቀት ላይ ጭረት ይጭራሉ። ጎረቤቴ ግን አንገት ሲደፋ ሰው ያመልጣል ባይ ናት።

ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን መናፈሻዎች ሊያሻሽል አቅዶ፣ በየበሩ ስንት ሰው እንደሚገባ የሚቆጥሩ ሰዎች ለአንድ ወር ቀጥሮ ነበር። ብዙ ሰው የሚገባበት በር ይሰፋል፤ ደረጃውም ፈርሶ ጋሪንም ሆነ ምርኩዝን የማያስቸግር ተዳፋት መንገድ ይሠራለታል። ጥቂት ሰው የሚገባበት ደግሞ በግንብ ይዘጋል። ለእሷ የደረሳት የታችኛው በር ነው፤ ጠባብ፣ አራት የድንጋይ ደረጃ ያለው።

ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላትም። ጠዋት ጎራ ስል አይቻታለሁ፤ ለሻይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ትቀዳና አንዱን መልሳ ትደፋለች። ሥራውን ያገኘች ሰሞን ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ግን መቁጠርም የብቻ ሥራ ነው። ሰዉ በአጠገቧ ያልፋል እንጂ ቆም ብሎ ደህና አደርሽ የሚላት አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልብስ ሰፊ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ ደረጃው ሥር ቆመች። ዛፎቹን ትንሽ አየችና ልትመለስ ወንበሯን አዞረች።

“እኔንስ ቆጠርሽኝ?” አለቻት።

“አልገባሽማ።”

“መች ጠላሁ! ሁለት መኪና አለኝ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይሄዳል። ደረጃ የሚወጣ ግን የለኝም።”

ጎረቤቴ ሳቀች። የዚያን ቀን ከኮቷ ሥር ባለው የሽርጥ ኪሷ ሌላ ቆጠራ ጀመረች፤ ደረጃው ድረስ መጥተው የሚመለሱትን። አሮጊቶች፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ምርኩዝ የያዙ። ሰፊዋም በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። “እትዬ ቆጣሪ፣ ዛሬስ ስንት ነን?” ትላታለች። ትንሽ ያወራሉ። ጎረቤቴ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የምታወራው ያንኑ ብቻ ነው።

ወሩ ሲያልቅ ቁጥሩን ለመሐንዲሱ አስረከበች። የገቡት አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ የተመለሱት ዘጠና ሰባት።

“እናቴ፣ ቅጹ ላይ ‘የተመለሱ’ የሚል ቦታ የለም እኮ” አላት።

“እኔ ላስምርልህ፣ ልጄ?”

በቢሮው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እሱም ፈገግ ብሎ፣ “ማክሰኞ የሕዝብ ስብሰባ አለ፤ የበሩ መዘጋት አለመዘጋት እዚያ ነው የሚወሰነው። ከተመለሱት አንድ ሰው ይዘው ይምጡና ያስረዱ” አላት።

ማክሰኞ ሰፊዋ አዲስ አንገትጌ የሰፋችበትን ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ስለ መናፈሻ መግቢያ የሚነጋገረው ስብሰባ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም። ዘበኛው ወደ ስብሰባው ስልክ ደወለላቸው።

“ወረቀት ብቻ አንቀበልም፣ ቢያንስ ቆጣሪዋ ቀርባ ታስረዳ ብለዋል” አለ።

“በቃ አንቺ ውጪ!” አለች ሰፊዋ። “እኔ እዚህ አለሁ።”

ጎረቤቴ ሰባት ደረጃ ወጣችና ዞር አለች። ሰፊዋ አንገትጌዋን እያቃናች ግድግዳውን ታያለች። ጎረቤቴ ተመልሳ ወረደች።

“ምን ረሳሽ?”

“ምንም። ትቼሽ አልወጣም።”

“አንቺ ሞኝ! አብሮኝ የሚቆም ሰው የቸገረኝ መሰለሽ? እኔ በር ነው የፈለግሁት!” የሰፊዋ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። “ለማን ብለሽ ነው የወረድሽው? ለእኔ ነው ወይስ ለራስሽ?”

ጎረቤቴ ወደ ደረጃው ዞረች። እንደገና ልትወጣ ስትል ከላይ ወንበሮች ሲጎተቱ ተሰማ፤ ሰዎቹ መውረድ ጀመሩ።

“እናቴ፣ ጠበቅንዎት እኮ” አላት መሐንዲሱ። “የታችኛው በር ይዘጋ ተብሏል። ለትልቁ በር ግን ተዳፋት ይሠራለታል።” ከእኛ ሰፈር ትልቁ በር ለመድረስ አውራ ጎዳናውን ማቋረጥ ግድ ነው።

ሰፊዋ ወንበሯን አዙራ ሳትሰናበታት ሄደች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግንበኞቹ የታችኛውን በር ዘግተው ጨረሱ።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ አውራ ጎዳናውን የምታቋርጥበትን ስፍራ ስታጠና ከረመች። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱ ዝቅ ይላል፤ በዚያ በኩል ወንበሩን ብትገፋላት እስከ ትልቁ በር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይህንን ለሰፊዋ ልትነግራት፣ ይቅርታም ልትጠይቃት ቅዳሜ ተነሥታ ሄደች። የሰፊዋ ሱቅ ጥግ ስትደርስ የስፌት መኪናው ሲንቀጠቀጥ ሰማች። ቆመች። መኪናው ጸጥ እስኪል ጠበቀች፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ዳቦ ገዝታ ተመለሰች።

“ሥራ ላይ ነበረች” አለችኝ። “ሌላ ቀን እሄዳለሁ።”

እስካሁን አልሄደችም።