የሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ጀርባ

በማተሚያ ቤታችን እትዬ አጥንቷ የምንላት ሴት ነበረች። ወረቀት ስታጥፍ እጥፋቱን የምትጫንባት ለስላሳ አጥንት ከሽርጧ ኪስ አትጠፋም፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት በዚያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አጥፋለች። ከእጇ የወጣ ወረቀት ጠርዙ ተዛንፎ ማግኘት ዘበት ነው። ላወራ የተነሳሁት ስለ እሷ ነበር፤ ግን የራሴን ጉድ ሳላወጣ የእሷን ታሪክ መናገር አልችልም።

የእኔ ሥራ ገጽ መደርደር ነው። መጽሐፍ አንድ አንድ ገጽ እየተባለ የሚታተም እንዳይመስላችሁ። በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ከፊት ስምንት፣ ከጀርባ ስምንት ገጽ ይታተማል፤ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ሁሉም ተራውን ይይዛል። ሳይታጠፍ ብታዩት የእብድ ሥራ ይመስላል፤ አንድ ቁጥር ከአሥራ ስድስት ጎን ተቀምጦ፣ አምስት ቁጥር ቁልቁል ተዘቅዝቆ። ለዚህ ነው ደርዳሪ የተባለ ሁሉ አስቀድሞ ባዶ ወረቀት አጥፎ፣ ቁጥር ጽፎበት፣ መልሶ ዘርግቶ፣ እሱን እያየ የሚሠራው። የእኔን የምታጥፍልኝ እትዬ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ታኖርና፣ "ይኸው ልጄ፣ እያየህ ሥራ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ልቤ አበጠ። አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶልኝ ነበርና ያወቅኩ መሰለኝ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ ወረቀት አታባክኚ፤ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ" ብዬ ግንባሬን ነካ ነካ አደረግኩ። "ይሁን እንግዲህ፣ ጭንቅላታሙ" ብላ እየሳቀች ሄደች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ዘጠኝ ዓመት የለፋበትን መጽሐፍ አመጣ። ሦስተኛውን ወረቀት ስደረድር የጀርባውን ስምንት ገጽ ላዩን ወደ ታች አዙሬ አስቀመጥኩት። ከሠላሳ ሦስት ጀርባ ሠላሳ አራት መምጣት ሲገባው ሠላሳ ስምንት መጣ። የፊቱና የጀርባው ገጾች አናት ለአናት ስለገጠሙ አታሚውም ሳይጠረጥር አተመው። አጣፊ ደግሞ የምታየው ከላይ የሚታዩትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁጥሮች ነው፤ እነሱ በቦታቸው ነበሩ።

መጽሐፉ ተጠርዞ ከወጣ በኋላ መምህሩ አንዱን ታቅፎ ተመለሰ። አልተቆጣም። "ሰው እንዴት አድርጎ ያነበዋል?" ብቻ ነው ያለው። አለቃችን ከወረቀት ጋር የተዋወቀው አባቱ ሞቶ ማተሚያ ቤቱን ሲወርስ ነው፤ ሥራውን አያውቀውም። እኔንና እትዬን ቢሮው ጠራን። መጽሐፉን እንኳ አላሳያትም። "ገጽ አዘበራርቀሽ አጥፈሻል፤ ዐይንሽ ደክሟል፣ ይበቃሻል" አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

እኔ አውቃለሁ። በማጠፍ ቢሳሳቱ የመጽሐፉ ቅጠል ከቅጠል ይቀዳደማል እንጂ የአንድ ቅጠል ጀርባ አይለወጥም። ሠላሳ ሦስትና ሠላሳ ስምንት በአንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ከታተሙ የሰው እጅ ምን ያደርጋቸዋል? ይህን ማስረዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ምላሴ ታሰረ ልበላችሁ? ውሸት ነው፤ ምላሴ ደህና ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷ ሽርጧን አጣጥፋ ሰጥታ በዚያው ቀን ሄደች።

ስድስት ሳምንት ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። በመጨረሻ በምሳ ሰዓት ከተበላሹት ወረቀቶች አንዱን ጠቅልዬ ቤቷ ሄድኩ። ከልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። አልጋዋ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ የታጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ተከምሯል።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ፣ እትዬ?"

"እጄን እየፈተንኩት ነው። የቱ ጋ እንደሳተ ጠፋኝ እኮ" አለችኝ። "መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። በኋላ ግን፣ ልጄ እዚያው ቆሞ ዝም ያለው ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ነው አልኩ። ሌላ ነገር ብታውቅ መቼም አትተወኝም።"

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት። ሠላሳ ሦስትን በጣቷ ያዘች፣ ገለበጠች፣ ሠላሳ ስምንትን አየች። ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ወረቀቱን ለቀቀችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"ለአለቃህ ነገርከው?"

"አልነገርኩትም። አስቀድመሽ አንቺ ይቅር እንድትይኝ ብዬ . . ."

"ተነስ" አለችኝ። ጫማዋን አጠለቀች። "አንተ ትናገራለህ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።"

መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀደመች። ቢሮ ገብተን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። አለቃችን ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጉንጩን አከከ። "ታዲያ ከፈለግሽ ተመለሺ" አላት።

"ለመስማት ነው የመጣሁት" አለችና ወጣች። ወደ እኔም ዞር አላለችም።

እሷ ከወጣች በኋላ ቅጣቴን ለመስማት አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሷን ሃያ ስድስት ዓመት ካገለገለች በኋላ በአንድ ቃል ያሰናበታት ሰው እኔን ቀና ብሎ አየኝና፣ "ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም፤ በል ወደ ሥራህ ግባ" አለኝ።

ገባሁ።