ከመጋረጃ የተሰፋው ቬሎ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋም ወጥታለች፤ ከታቦር ተራራ ሥር የሚነሳው አቧራ ግን የግቢያችንን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ አረፈደ። ጥር ላይ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። እኔ የታቢታን ቬሎ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። «ሩታ፣ መሬት እንዳታስነኪው» ትለኛለች በየደቂቃው። አሥር ዓመት ሊሆነው ነው።

ታቢታ የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አባቷ መናኸሪያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሲሞቱ የተዉላት በእግር የምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪናና አንድ ትልቅ መቀስ ነው። እኔ እናቴ ስትታመም ከዘጠነኛ ክፍል ወጣሁ። በሽተኛ እያስታመምኩ ቤት ውስጥ የምሠራው ሥራ ስፈልግ፣ ታቢታ አንድ ከረጢት ሰልባጅ አምጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረገፈችና ምላጭ ሰጠችኝ። ስፌቱን ብቻ እንድፈታ፣ ጨርቁን እንዳልነካ ነገረችኝ። እንዲህ ተጀመረ። እኔ እተረትራለሁ፣ እሷ ትቆርጣለች።

ሰልባጅ የራሱ ጠረን አለው። ታቢታ ጠረኑ ሳይለቅ መቀስ አታነሳም ነበር። በፈላ ውኃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ሎሚ እንጨምቅበታለን፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይውላል። ከዚያ የትልቅ ሰው ሸሚዝ የልጃገረድ ቀሚስ ይሆናል። የጂንስ ሱሪ እግሩ ተቆርጦ የትከሻ ቦርሳ ይወጣዋል፤ የኋላ ኪሱ ቦርሳው ላይ ተመልሶ ይሰፋና ስልክ ይይዛል። ከረባት ቀበቶ ይሆናል። የሐበሻ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን የጥለት ቁራጭ እየለቀምን፣ ቆርኪ ላይ እየጠቀለልን፣ የጆሮ ጌጥ እንሠራ ነበር። አንዱን ቆርኪ በድንጋይ ጠፍጥፈን ሌላውን ስናጣምም ስንት ሰዓት እንስቅ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመጡ ነበር። ከቱርክ ድራማ ላይ በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ ያሳዩናል። ከደሴ የመጣች መቅደስ የምትባል አጠር ያለች ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን የአንዲት ተዋናይ ፎቶ አሳይታ ልክ እንደሷ አድርጊኝ አለቻት። ታቢታ በሳሙናዋ ጨርቁ ላይ እያሰመረች ቀና እንኳ ሳትል፣ «ልብሱን አደርግልሻለሁ፤ ቁመቱን እናትሽን ጠይቂ» አለቻት። መቅደስ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። ያቺ ልጅ አንዱን ጃኬት ሦስት ጊዜ አስገልብጣ ነው የተመረቀችው።

ታቢታ አንድ ሕግ ነበራት። ሰልባጅ ውስጥ ሸሚዝ ከሆነ መንታ የለውም። መጋረጃ ግን ከውጭ አገር ሆቴሎች ስለሚወጣ ተመሳሳዩ በብዛት ይመጣል። ስለዚህ መጋረጃ ስንገዛ ካለው ላይ አናስተርፍም፤ ሁሉንም ነው የምንወስደው። ለአንዷ የሰፋነውን ሌላዋ ለብሳባት እንዳትገኝ።

ባሏ አሸናፊ ያኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እናቱ እትዬ ፀጋ እዚሁ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ገበያ ሃያ ዓመት ብትን ጨርቅ የሸጡ ሴት ናቸው። የሰልባጅ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል፤ ደንበኞቻቸውን የወሰደባቸው እሱ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጃቸው ሙሽራ የሰው አሮጌ ለብሳ አትወጣም፣ ቬሎው ከደህና ቤት ይከራይ። ታቢታ እሺ አለች። አዲስ አበባ ያለች የአክስቷ ልጅ ተከራይታ እንደምትልክላት አስወራችና ራሷ ልትሰፋው ተነሳች።

ነገሩ የኪራዩ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ለሰው ሁሉ ስትሰፋ ኖራ፣ በዚያች ቀን የማታውቀው ሰው የሰፋውን ለብሶ መቆም አልሆነላትም። እኔም አልከለከልኳትም። ግን ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነበር፤ ከእትዬ ፀጋ ጋር በአንድ ግቢ ልትኖር ነው። ውሸቱ ከወጣ፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንገቷን ደፍታ ነው ቤታቸው የምትገባው።

መጋረጃዎቹን መናኸሪያ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ነጭ፣ ስስ፣ ከታች በኩል ቅጠል የተጠለፈባቸው፤ አሥራ ሁለት ነበሩ። ታቢታ ሁሉንም እንዳመጣ ነግራኛለች። እኔ አምስት ወሰድኩ። ለቬሎው ይበቃል፣ ደግሞስ ማን መጋረጃ ይለብሳል አልኩ። እናቴ ያን ቀን ብቻዋን ነበረች፤ ሸክም ይዤ ባጃጅ መጠበቁ ታከተኝ። ሰባቱን እዚያው ትቼ ሄድኩ፤ ለታቢታም አልነገርኳትም።

ሦስት ሳምንት ሰፋነው። ገበሩ ከአንሶላ፣ ደረቱ ላይ ያለው ዶቃ ከተበጠሱ ሁለት ሐብሎች። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የኳየሩ ልጆች መዝሙሩን እያዜሙ አንገታቸውን አስረዝመው አዩዋት። እትዬ ፀጋ ከሩቅ አይተው «ያምራል» አሉ። በቃ አለፈልን አልኩ።

ከቃል ኪዳኑ በኋላ ወደ አዳራሹ ሄድን። ዲኮሩን በርናባስ ለሚባል ሰው የሰጡት እትዬ ፀጋ ራሳቸው ናቸው። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት መድረክ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር በነጭ ስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከታች በኩል ቅጠሉን አየሁት። ቆጠርኳቸው። ሰባቱም እዚያ ነበሩ።

ታቢታ ሄዳ ተቀመጠች። ሌላ ምን ታደርጋለች። ፎቶ አንሺው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «ሙሽራዋ ጠፋችብኝ» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። ከፊት ያሉት ሳቁ፤ ከዚያ አንዷ ለሌላዋ አሳየቻት፤ ሳቁ ወደ ኋላ ወንበሮች ሄደ።

እትዬ ፀጋ ተነስተው መጡ። የቬሎውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሻሹ። እጃቸውን ዘርግተው የግድግዳውንም አሻሹ። አሸናፊ ጫማውን ያያል።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለም፣ ከመናኸሪያ ነው» አለች ታቢታ። «ሰልባጅ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ዋሽቼዎታለሁ።»

እትዬ ፀጋ ለእህታቸው በሲዳምኛ አንድ ነገር አሏቸው፤ እህታቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ከዚያ በርናባስን ጠሩት።

«አንተ ደግሞ ከዱባይ ነበር ያልከኝ።»

በርናባስ የጨርቁን እጥፋት ማስተካከል ጀመረ።

«አውርደው።»

«እትዬ፣ ግድግዳው እኮ አልተቀባም...»

«አውርደው አልኩህ። ልጅቷ ትታይ።»

መሰላል መጣ። እንግዳው ምግቡን ትቶ ሰባቱ መጋረጃዎች አንድ በአንድ ሲወርዱ አየ። የሠርጉ ፎቶ ሁሉ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ ግድግዳና የምስማር ቀዳዳ አለበት። ታቢታ ከፊቱ ቁጭ ብላለች፤ እያንዳንዱ ቅጠል ይታያል።

እትዬ ፀጋ ቂም አልያዙባትም። ግን አልረሱትም። ታቢታ አዲስ ነገር በለበሰች ቁጥር፣ እንግዳ ባለበት፣ «ይሄስ የማን ቤት መስኮት ነው?» ይሏታል። እንግዳው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። በመጀመሪያው ዓመት ከልቧ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከሱቅ የተሰፋ መግዛት ጀመረች። የስፌት መኪናዋን በፕላስቲክ ሸፈነቻት። የእትዬ ፀጋ ዓይን ሲደክም ለሱቁ የፈለጉት ልጃቸውን ሳይሆን እሷን ነው፤ ጨርቅ ታውቃለች አሉ።

እኔ ስለ ሰባቱ መጋረጃ የነገርኳት እናቴን ከቀበርን በኋላ ነው። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «ስቆርጠው አምስት ብቻ መሆኑ አይታየኝም? የሆቴል መጋረጃ መች አምስት ብቻ ይመጣል!»

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

«እናትሽ ታማብሽ ነበር» አለች።

አሁን ሴት ልጆች ልብስ በስልክ ነው የሚያዙት፤ እኔ ጫፉን አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ታቢታ አዲስ ከተማ ገበያ የአማቷን ሱቅ ይዛ ብትን ጨርቅ በሜትር ትሸጣለች።