የአልጋችን ዋስትና

በደርግ ጊዜ፣ በተጋባን ሰሞን፣ እኔና ባለቤቴ ቀጨኔ አንድ አልጋ ሠሪ ዘንድ የሽቦ አልጋ ልንገዛ ሄድን። ሽማግሌው ብረቱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው በይደው የሚሸጡ ኩሩ ሰው ነበሩ። አልጋቸው እንደማይሰበር ማሉልን። ወዲያው ደግሞ «ቢሰበርስ?» ብለው አስፈራሩን።

«የስድስት ወሩ ዋስትና በነፃ ነው። ሦስት ዓመት ይሁንልን ካላችሁ ግን ጨመር ታደርጋላችሁ።»

«ስንት?» አለ ባለቤቴ።

«እሱማ እንደ ሰዉ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና አምስት ብር አሉ፤ ቀጭን ነው። ወደ እኔ ዞሩና ስምንት አደረሱት።

«ምን ማለትዎ ነው አባባ?»

«ምንም አላልኩ ልጄ። ትወልጃለሽ፤ ልጅ ደግሞ አልጋ ላይ ይዘላል።»

ልጄ ገና ሳይጸነስ ተተመነ።

«ሌላ የሚቀመጥበት ሰው አለ?»

ባለቤቴ እውነት ካልተናገረ ምግብ አይፈጭለትም። «እናቴ አልፎ አልፎ ከቁስቋም ትመጣለች» አለ።

«ወፈር ያሉ ናቸው?»

ዝም አለ። ሽማግሌው ዝምታውን መዘኑና ሒሳቡ አሥራ አምስት ገባ። ከፈልን።

በዓመቱ ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ወጣ። እኛ ቤት የገባው አብዮት ጥበቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከባድ ሰው እንጂ። የአቡጀዲ ኮርኒሳችን ውስጥ ምን እንደደበቅን ሊያይ ከነጫማው፣ ከነጠመንጃው አልጋው ላይ ወጣ። ብየዳው ቋ አለና ለቀቀ። በየስብሰባው «ወደፊት!» የሚለው ሰውዬ ወደ ኋላ ወደቀ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በማግስቱ ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ ዋስትናዬን ጠየቅሁ።

«ማን ሰበረው?»

«አብዮት ጥበቃ።»

መዶሻቸውን አስቀምጠው በሩን ገርበብ አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ የተመንኩት አንቺን፣ ባልሽንና አማትሽን ነው። መንግሥትን አልተመንኩም።»

«ቢተምኑትስ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?»

«እሱንማ ማን ችሎ ይከፍለዋል?»

ቆም ብለው አሰቡና መላውን አገኙት። «አማቴ ሰበሩት በይ። እሳቸው ተከፍሎባቸዋል።»

እንዳሉት አደረግሁ። እሳቸውም መጥተው በነፃ በየዱልኝ፤ ቃላቸውን አላጠፉም። ወሬው ግን ከብየዳው ቀድሞ ቁስቋም ደረሰ።  አማቴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ እስኪሄዱ ድረስ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ምክንያቱን ልነግራቸው ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በአማትም ፊት አይወራም ነበር።

ከወራት በኋላ ጎረቤቴ ከዚያው አልጋ ገዝታ እየተገረመች መጣች። «ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው? ቤታችሁ ኮርኒስ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ብላቸው ዋስትናውን እጥፍ አደረጉብኝ!»