የቀበሮው አንገትጌ

ኦሪዬ ሺጋኪን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቃታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያየሁት ጀርባዋን ነው። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሌሎች የሳሉትን በእርሳስ ታርማለች፣ እኔ ከኋላዋ ቀለም እቀባለሁ። የካርቱን ፊልም ቤታችን ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ፣ ባቡር ሐዲዱ ጥግ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ሁላችንም እጃችንን ከወረቀቱ አንሥተን እንጠብቃለን። አዲስ ገቢ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ሳያነሣ ይቀርና መስመሩ ይጣመምበታል።

የኦሪዬ ሥራ ስህተት መልቀም ነው። አንዱ ስድስት ጣት ይስላል፣ ሌላው ቁልፍ ይረሳል፤ እሷ ታየዋለች። ስታየው አትጮህም፣ አትሳደብም። ወረቀቱን ይዛ መጥታ ፊትህ ላይ ታስቀምጥና ዝም ብላ ትቆማለች። ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በዘጠና ስምንት፣ ጸደይ ላይ፣ «አራተኛው ጓድ» የተባለው የጦርነት ሥዕላዊ መጽሐፍ ወደ ፊልም እንዲለወጥ ለኛ ተሰጠ። መጽሐፉ ውስጥ ወታደሮቹ ሁሉ ቀበሮዎች ናቸው። ቀበሮው ጠመንጃውን ተሸክሞ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ጫካ ለጫካ ይሄዳል፣ ይራባል፣ ይሞታል። እንስሳ በመሆናቸው ይመስለኛል፣ ለሰው ወታደር አላለቅስም ያለው ሁሉ ለነሱ ያለቅሳል። ከሁሉም የሚወደደው ጆሮው የተቀደደው አሥር አለቃ ያሳኩ ነው።

ያሳኩ የኦሪዬ አባት መሆኑን ከፊልም ቤቱ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መጽሐፉን የሳለው ሰውዬ በትውልድ ከተማዋ በቺቺቡ የልጅነት ጎረቤቷ ነው። የአባቷን ፎቶ ያዋሰችው እሷ ናት፤ ጆሮውን የቀደደው ግን እሱ ነው፣ ከራሱ አምጥቶ። በፎቶው ላይ አባትየው ለጦር ተጠርተው፣ ከፊት ተደራርቦ በመቀነት በሚታሰረው ኪሞኖ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመዋል። የወታደር ልብስ የሚሰጣቸው የጦር ሰፈር ከገቡ በኋላ ነበር። ኦሪዬ ያኔ የአንድ ዓመት ልጅ ናት። አባትየው ከዘመቱበት ከበርማ አልተመለሱም። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ላከ፤ ሲከፈት በዐፅማቸው ምትክ አንዲት ድንጋይ። እናቷ እማማ ሺኖ፣ «እኔ ድንጋይ አላገባሁም» ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ወረወሩት። ሰውዬው ለሳቸው አልሞቱም፤ ወጥተው ዘገዩ እንጂ።

ፎቶው አንድ ነገር አለበት። የኪሞኖው የቀኝ ጎን ከላይ ተደርቧል። እኛ ዘንድ ሕያው ሰው ግራውን ነው ከላይ የሚያደርገው፤ ቀኝ ከላይ የሚደረበው ለሬሳ ብቻ ነው፣ ሲገነዝ። እማማ ሺኖ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ያ ሰካራም ፎቶ አንሺ ገልብጦ አጥቦት ነው» ይሉ ነበር። ሠዓሊውም ይህንኑ ሰምቶ፣ በመጽሐፉ ላይ ግራውን ከላይ አድርጎ አስተካክሎ ሳለው።

የፊልሙ ወሬ ቺቺቡ ሲደርስ እማማ ሺኖ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፣ ልባቸውም ደክሟል። ኦሪዬን፣ «ጦርነቱን ተዪው፣ አልፈልግም። ከቤት ሲወጣ ያለውን ብቻ አሳዪኝ» አሏት። ቃል ገባች። አምስት ሰከንድ፣ ስልሳ ወረቀት ነው፤ ቀበሮው ከደጅ ይወጣል፣ ዞር ይላል፣ እጅ ይነሣል፣ ይሄዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኦሪዬ ያንን የወረቀት ክምር ይዛ አዘጋጃችን ኒሺዋኪ ፊት ቆመች። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀልጣፋ፣ አፈ ጮሌ ነው።

«ማን ገለበጠው?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ኦሪዬ። ወደ ጦር የሚሄደው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚራመደው። እሱ ብቻ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቤቱ የሚመለስ መሰለ። ስለዚህ ልጆቹ ወረቀቱን አዙረው፣ ከሥሩ በሚበራው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው በኩል ገልብጠው ሳሉት። ደግሞ የተቀደደውን ጆሮ ወደ ቦታው መልሰናል! ያንን ብንስት አንባቢዎቹ በቁማችን ይበሉናል።»

«ጆሮውን አይታችሁ አንገትጌውን አላያችሁም?»

ኒሺዋኪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ወይ ጉድ!» አለ። ከዚያ ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀበሮ ነው። የቀበሮ ልብስ ማን ይመረምራል? ዓርብ ካሜራ ይገባል።»

«ገንዛችሁ ነው ከቤቱ ያስወጣችሁት» አለች። «ሰው አልሰጥህም ካልከኝ እኔው እስለዋለሁ።»

እውነቱን ልናገርና እኔም ተናደድኩባት። ግማሹን ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ! «አንቺ ሴትዮ፣ ለአምስት ሰከንድ ልትገድዪኝ ነው?» አልኳት።

«እማዬ ታየዋለች» አለች። እማማ ሺኖ የገዛ ልጃቸው አባቷን ሬሳ አድርጋ ስታለብሰው ሊያዩ ነው ማለት ነው። የቀባሁትን ጣልኩት።

ሦስት ቀን አንገቷን ሳታቀና ሳለች። ምሳ ስናመጣላት የሩዙን ድብልብል በግራ እጇ ይዛ በቀኟ ትሠራለች። ባቡር ሲያልፍ ብቻ ትጎርሳለች። አንገትጌው ሲዞር የክንዱ እጥፋት ይዞራል፣ መቀነቱም ይዞራል፤ ስልሳውንም እንደ አዲስ ነው የሳለችው። ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻውን ወረቀት ሰጠችኝና ጣቶቿን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረች።

ፊልሙ አልቆ በካሴት ሲታተም፣ አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አብሬያት ቺቺቡ ሄድኩ። እማማ ሺኖ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ጥሩ ኪሞኗቸውን ለብሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ጠበቁን። እንግዳ የሚቀበሉ ነው የሚመስሉት። ኦሪዬ ካሴቱን ከተተች። ቀበሮው ከደጅ ወጣ፣ ዞር አለ፣ እጅ ነሣ፣ ሄደ።

«መልሺው» አሉ።

መለሰችው። እንደገና አዩና፣ «አንገትጌውን ማን ነው ያስተካከለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማዬ። ገልብጠውት ነበር፣ ልክ እንደ ፎቶው።»

«ፎቶው አልተገለበጠም።»

ኦሪዬ ወደ እናቷ ዞረች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም።

«ፎቶ አንሺውም፣ ምስኪን፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እኔ ነኝ ያለበስኩት። ባቡሩ ደርሷል እያሉ ይጮሃሉ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ በጥድፊያ ደረብኩለት። እሱም ልቡ እዚያ አልነበረም፣ ልብ አላለም። እኔ ያየሁት ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ነው። በገዛ እጄ ገንዤ ሰደድኩት፣ ኦሪዬ። ሞተ ብዬ እንዴት አድርጌ ልቀበል? የገደልኩት እኔ እሆናለኋ!»

ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ለብቻቸው ይዘው ኖረዋል። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ኦሪዬ ግን አላለቀሰችም፤ ተጠግታ እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም እጃቸውን ሳያስለቅቁ፣ «አንዴ ድገሚልኝ» አሉ።

ደገመችላቸው። ቀበሮው ከደጅ ወጣ፣ ግራውን ከላይ ደርቦ፣ መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ፤ ዞር ብሎ እጅ ነሣ። እማማ ሺኖም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው መልሰው እጅ ነሡት።

«ይኸው» አሉ፣ «አሁን በደንብ ለብሶ ሄደ።»

ከዚያ ኦሪዬን ወደ ቁም ሣጥኑ ልከው ያንን መንግሥት የላከውን ሣጥን አስመጧት፣ ድንጋዩንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።