አማኑኤል ያረፈው ኩባዊ

ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ስመለስ ዝናቡ ስለጠናብኝ ባጃጅ ያዝሁ። ሾፌሩ ጸጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ ነው፤ ሸራውን ግራና ቀኝ አውርዶ የፈረንጅ ዘፈኑን ለቆታል። የድንች ዘንቢሌን በእግሮቼ መካከል አጣብቄ ስንገጫገጭ፣ ከዘፈኑ ውስጥ አንዲት ቃል ብድግ ብላ ጆሮዬ ገባች። «ዩቪያ።»

«ዝናብ!» አልሁ ጮክ ብዬ።

«አዎ እማማ፣ የዛሬውስ ለጉድ ነው» አለ ልጁ።

«ዘፈኑን ነው የምልህ። ዝናብ ይላል። ስፓኒሽ ነው።»

በመስታወቱ አየኝ። «ኧረ ይበሉ! ቀጥሎስ ምን ይላል?»

ጆሮዬን ቀሰርሁ። ምንም የለም። «እሱን እንጃ» አልሁትና ፊቴን ወደ ሸራው አዞርሁ። ልጁ ያኮረፍሁ መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰው።

ስፓኒሽ እችል ነበር እኮ! በደርግ ጊዜ፣ ሃያዎቹን ገና እንደ ጀመርሁ፣ ለላብራቶሪ ሥልጠና ኩባ ላኩኝ፤ ዓመት እንኳ ላልሞላ ጊዜ። አብረውኝ የሄዱት ሐበሾች ዋናው ከተማ ሲቀሩ፣ እኔን ብቻዬን ሸንኮራ አገዳ የከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ላይ ጣሉኝ። አማርኛ የሚሰማ አንድ ፍጥረት የለም። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ላለችው ለአማኑኤል ልጅ፣ ብርድና ጭጋግ ላሳደገኝ፣ ሙቀቱ ብቻውን በቂ መከራ ነበር። አየሩ እንኳ የፈላ ስኳር ይሸታል።

መጀመሪያ የተቀጣሁት በሆዴ ነው። በእኛ አገር ሰው ብላ ስለተባለ እጁን አይዘረጋም። «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ «በሞቴ» ይሉታል፤ «ኧረ በቃኝ» ይላል፤ «አፈር ስሆን» ይሉታል፤ ከዚያ ይበላል። እኔም ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ ሲያቀርቡልኝ በደንቡ መሠረት «ኖ፣ ግራሲያስ» አልሁ። ሴትዮዋ ሳህኑን አንሥታ ሄደች! ድገሚ የለ፣ በሞቴ የለ። ምን ዓይነት ጨካኝ አገር ነው ብዬ ስንት ቀን ጦሜን አደርሁ መሰላችሁ።

ነገሩ የገባት ካርመን ናት። የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት፤ ቤቷ ከማደሪያዬ ጎን ነበር። አንድ ቀን በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ሳህኑን ጭኔ ላይ አኖረችው። ኖ ስላት እጄን ይዛ ማንኪያውን አስጨበጠችኝ። በላሁ፤ እንባዬ እየወረደ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ ሩጫዬ ወደ እሷ ሆነ። አደንጓሬ ስትለቅም አብሬ እለቅማለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ በጣቴ አሳያታለሁ፣ እሷ ስሙን ትነግረኛለች።

ካርመን ግን ከእኔ የምትፈልገው ነገር ነበራት። ግድግዳዋ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጇ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ኦርላንዶ ይባላል፤ አንድ ልጇ ነው። አገራችንን ሊያግዝ መጥቶ በምሥራቁ ጦርነት ሞተ። መርዶው ደርሷታል፤ አስከሬኑ ግን አልመጣላትም። ቋንቋው ሳይገባኝ በፊት ጀምራ ፎቶውን እያሳየች፣ መሬቱን በእግሯ መታ መታ እያደረገች ትጠይቀኝ ነበር። የት እንደ ተኛ ንገሪኝ ማለቷ ነው።

መናገር ስችል እውነቱን ነገርኋት። «ካርመን፣ እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም። የእኔ አገር ሌላ ነው። እሱ ያለበት በረሃ ነው ይላሉ፤ አላውቀውም።»

ፎቶውን በሽርጧ ጠረገችው። ከዚያ «ያንቺ አገር እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ብርድ ነው።»

«ዝናብ አለ?»

«ብዙ።»

«እንግዲያው እዚያ አድርጊልኝ» አለች። «የማይታወቅ በረሃ ላይ ከሚሆንብኝ፣ አንቺ የምታውቂው ቦታ ይሁን።»

ስፓኒሹን የተማርሁት እንዲህ ነው። ሌሎቹ የገበያና የጭፈራ ቋንቋ ይዘው ሲመለሱ፣ እኔ ኦርላንዶን አማኑኤል ላይ የምቀብርበትን ቋንቋ ለቃቀምሁ። ጭቃ፣ ገብስ፣ ጽድ፣ የደብሩ ቅጥር፣ በጥቅምት ማሳውን ቢጫ የሚያደርገው የኑግ አበባ። ከጽዱ በስተምሥራቅ አኖርሁት።

«ውሃ አይገባበትም?» ትለኛለች።

«ቦይ ቆፍረንለታል» እላታለሁ።

ሁለታችንም እናውቃለን፤ የተታለለ ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ቦታው እንዴት ዋለ ብላ እየሳቀች ትጠይቀኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ፊቷን በሽርጧ ትሸፍንና እኔም አደንጓሬዬን እለቅማለሁ።

ስሰናበታት አንገቴን አቅፋ «እዚያ ባኖርሽው ቦታ ቄሱ ስሙን ይጥሩለት» አለችኝ። እሺ አልሁ። ምን ችግር አለው ብዬ! ከሁሉ የቀለለው ነገር እሱ መስሎኝ ነበር።

አገሬ እንደ ገባሁ አማኑኤል ሄጄ የንስሐ አባታችን ጫማ ላይ ወደቅሁ። «አባ፣ ለአንድ ሙት ጸሎት ያድርሱልኝ።»

«ማን ይባላል?»

«ኦርላንዶ።»

«የክርስትና ስሙን ነው የምልሽ፣ ልጄ።»

አላውቀውም። «ተጠምቋል?» አሉኝ። እሱንም አላውቅ። አባ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሊረዱኝ ፈልገዋል። ራሳቸውን ነቀነቁና «ታዲያ በምን ስም ልጥራው?» አሉኝ። ያን ሁሉ ወራት ስለ ጭቃና ስለ ገብስ ሳወራ ይህን አንድ ነገር ሳልጠይቃት መጣሁ። ለካርመን ጻፍሁላት፤ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍሁ፤ የለም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም አገባሁ፣ ወለድሁ፤ ስፓኒሹ የሚያናግረው ሰው አጥቶ በየዓመቱ ከአፌ ላይ እየሳሳ አለቀ። ካርመንም እስከ ዛሬ በሕይወት አትኖርም።

ባጃጁ ቆመ። «ደርሰናል እማማ» አለ ልጁ፣ ዘንቢሌን እያወረደልኝ። ዝናቡ አላባራም።

ዛሬም ለቀብር አማኑኤል ስሄድ ከጽዱ በስተምሥራቅ ያለውን ቦታ አያለሁ። ሣር ነው። ኦርላንዶ እዚያ መሆኑን የሚያውቅ ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ እኔም አርጅቻለሁ። ቄስ ስሙን አልጠራለትም፤ የቀበርሁበት ቋንቋም ጥሎኝ ሄዷል፤ የቀረኝ ዝናቡ ነው። ካርመን ከየትም ብትመጣና ውሃ አይገባበትም ወይ ብትለኝ፣ ምን እላታለሁ? ቦይ በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ረስቼዋለሁ።