ጫማ የሚወለቅበት ክፍል

እናቴ «አላርፍ ያለች ጣት» ትለኝ ነበር፤ ምሳሌውን አትጨርሰውም፣ ቀሪውን አውቀዋለሁ። በደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ ቡና የሚሰበስበው መሥሪያ ቤቴ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ጅማ ሲልከኝም ጠባዬ ያው ነበር። የጭነት መኪኖች ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስን ፕሮግራም እንድሠራ ታዘዝኩ። ለቀማው ሳያልቅ ጥቅሙ ካልታየ ማሽኑም እኔም እንመለሳለን። አዲስ አበባ መመለስ ማለት የሌላ ሰው ሪፖርት ላይ ቁጥር ስመታ መዋል ነው። እዚህ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የምለው ሥራ ይዣለሁ።

እሸት ቡና አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ካልደረሰ አድሮ ይበላሻል። መኪኖቹን የሚያሰማሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሾፌሮቹን የሚያዙ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው የሄርማታ ሰፈር ሰው፣ እና ስልክ የሚይዙ ሴት፣ እኔ እትዬ የምላቸው።

እትዬ በስልክ የሰሙትን ሁሉ ጮክ ብለው ይደግሙታል። «ሊሙ ላይ ጎማ ፈነዳ? አጋሮ ገና አልሞላም?» መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬን እይዝ ነበር። ሐጂ ደግሞ በመስኮት ከሾፌር ጋር በኦሮምኛ እየተጨቃጨቁ፣ ወደ እትዬ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ መኪናውን ይቀይሩታል። ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል።

ማሽኑ አቧራ አይወድም ተብሎ ባለ መስታወት በር ክፍል ተሰጠው። በሩ ላይ አዲስ አበባ ያለው ኃላፊ የላከው ደንብ ተለጥፏል፤ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው። ሐጂ አንብበው ሳቁ። «ለሶላት አወልቃለሁ፤ ለብረት ግን ወላሂ አላወልቅም።» ስለዚህ እኔ ውስጥ፣ እነሱ ውጭ ሆንን። እትዬ የሰሙትን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በበሩ ሥር ያስገቡልኛል፤ እኔ ለማሽኑ እነግረዋለሁ፤ ማሽኑ ይወስናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሊሙ መኪና ተበላሸ። እትዬ ጽፈው አስገቡልኝ፤ መጮሁን ትተውታል፣ ማሽኑ ያውቃላ። ሐጂም አልጠየቁም፣ ማሽኑ ይናገራላ። ሌሎቹን ወረቀቶች ጨርሼ የሊሙዋ ጋ ስደርስ ባዶዎቹ ኤንትሬ መኪኖች ሁለቱም አጋሮ ሄደዋል። የሊሙ እሸት አደረ።

ኃላፊው ደወለ። «ሐሙስ እመጣለሁ፤ ዕቃሽን አዘጋጂ።»

መቀመጥ አቃተኝ። የጅማው መርካቶ ወረድኩ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ባየው ስሕተት የለበትም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። መኪኖቹን ያውቃል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በጆሯቸው እንደሚሠሩ ግን አያውቅም። ማሽኑ እነሱ መሀል ይቀመጥ ብዬ ኃላፊው ጋ ደወልኩ። «አቧራ!» አለና ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ያን ቀን ፕሮግራሙን አፍርሼ ሠራሁት። ከእንግዲህ አይወስንም፤ የትኛው መኪና ባዶ እንደሆነና የት እንዳለ ብቻ ያሳያል። ከዚያ ወደ ሁለቱ ወጣሁ።

«ሐጂ፣ እርስዎና እትዬ ውስጥ ካልገባችሁልኝ ሐሙስ መሄዴ ነው» አልኳቸው። ሐጂ ደንቡን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ ወደ ሾፌሮቻቸው ሄዱ። ስብሰለሰል አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ተቀምጧል፤ የእትዬ ፕላስቲክና የሐጂ አሮጌ ቆዳ። የስልኩ ገመድ በመስኮት ተስቦ ገብቷል። «ኮቱ! ነይ፣ ምን ትቆሚያለሽ?» አሉኝ ሐጂ፣ በካልሲያቸው ከስክሪኑ ፊት ቆመው።

ሐሙስ ኃላፊው መጣ። ውስጥ እትዬ በስልክ ይጮኻሉ፣ ሐጂ በመስኮት ከሾፌር ጋር ይጮኻሉ፣ እኔ ቁልፎቹን እመታለሁ። አፉን ከፈተ፤ እግሩ ግን ገና ደጅ ነው፣ ደንቡም የራሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈታ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

«አጋሮ መኪናው ቀረ?» አሉ እትዬ ወደ ስልኩ።

ኃላፊው በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየና ሳያስበው ጮኸ። «የሊሙ ባዶ አለ፣ እሱን ላኩት!»

«ማሎ፣ እባክህ ጓድ፣» አሉት ሐጂ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልከነዋል።»

ዕቃዬን አዘጋጅቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ወንበር ስቦ እትዬ አጠገብ ተቀመጠ።