ካምቢዮውን ማን ይክፈተው

ባለቤቴ በሰው መኪና ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነበር። አንድ ክረምት ከአንድ ጓደኛው ጋር ከቴፒ ወደ ሚዛን ሲመለሱ ሸኮ አካባቢ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠና ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። በዚያ ሰዓት መሪ የያዘው ጓደኛው ነበር፤ የበኩር ልጃችንን ክርስትና ያነሳው አበልጃችን። እሱን ጭረት እንኳ አላገኘውም። ፍሬን እምቢ አለኝ ብሎ ለፖሊስም ለሽማግሌም ቃሉን ሰጠ። ባለቤቴ ግን መኪናው ከመንገድ ሊወጣ ሲል ነቅቶ፣ የጓደኛው ዓይን ተከድኖ አይቶታል። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። አበልጃችን ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ሽማግሌ በላከ ቁጥር ባለቤቴ «እግሬን ይቅር ብዬዋለሁ» እያለ ይመልሳቸዋል፤ የቀረው ምን እንደሆነ አይነግራቸውም።

እኔ ገበያ ዝንጅብልና ኮረሪማ እየሸጥኩ ቤቱን ያዝኩ። እሱ በረንዳ ላይ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ ይውላል። ከሰው ጋር ማውራት ትቶ ነበር።

በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአካባቢው ሲለቅ መኪናዎቹን በጨረታ ሸጠ። አንደኛው የናፍጣ ጭነት መኪና አውቶማቲክ ስለነበረ የፈለገው ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ግን ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ ለነዳጅና ለፍሬን ቀኝ እግር ይበቃል። ያለንን ሁሉ አሟጥጠን ገዛነው። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ሰው ካገባሁት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ርቆኝ ነበር እንጂ።

ጥቂት ዓመት በደህና ሠራበት። ከዚያ በቡና ለቀማ ወቅት፣ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎትት አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። በሌላ መኪና በሰንሰለት ተጎትቶ ግቢያችን ገባ።

ሚዛን ያለው ጋራዥ ባለቤት መጥቶ አየውና ካምቢዮው ተቃጥሏል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው አለን። አውቶማቲኩን ነቅሎ በእጅ ማርሽ የሚሠራ ካምቢዮ ይገጥምለታል፤ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። ባለቤቴ እስኪጨርስ ሰማውና፣

«ፍሪሲዮኑን በምኔ እረግጣለሁ?» አለው።

ሰውየው ወደ እግሩ አየና አንገቱን ደፋ። ሹፌር ቅጠሩበት ብሎ ሄደ። ብዙ ሰው እንደዚያው መከረን። እኔም አስቤው ነበር፤ ግን ያ በረንዳ ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ።

ጅማ ድረስ አብረን ሄድን። እዚያ ትልቅ ጋራዥ ያለው ሰው በክብር አስቀምጦ አነጋገረን። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ከፍቼ አላውቅም። በእርስዎ መኪና ልለማመድበት አልፈልግም» አለው። አዲስ አበባ መላክም ይቻላል አለን፤ ሆኖም ካምቢዮው ተፈትቶ ብቻውን ስለሚሄድ ማን እንደሚነካው አናውቅም። ከዚያ አንድ ሰው ጠቆመን። አስፋልቱ ሲሠራ በመንገድ ሥራው ካምፕ የሎደሮችን አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ አሁን ቴፒ የሚሠራ መካኒክ። ስሙን ሲጠራው እኔና ባለቤቴ አልተያየንም። አበልጃችን ነበር። ከአደጋው በኋላ መሪ መያዝ ትቶ ወደ ጋራዥ ሥራ መግባቱን ሰምተናል፤ ከዚያ የበለጠ አልጠየቅንም።

በአውቶቡስ ስንመለስ ቦንጋን አለፍን። ባለቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁ እንደሚችል አያጠራጥረኝም አለኝ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ካምቢዮ ተዘግቶ የሚገጠም ነገር ነው፤ ውስጡ ምን እንደተደረገ የሚያውቀው የገጠመው ሰው ብቻ ነው። በፍሬኑ ያሳበበ ሰው ነገ አንድ ነገር ቢበላሽበት ምን ይለኛል?

ሰው ላክንበት፤ አበልጃችን በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ሸብቷል። በሩ ላይ ቆመና እስኪጠሩት ጠበቀ። ባለቤቴ ከወንበሩ ሳይነሣ ጠየቀው።

«ካልሆነልህ አልሆነልኝም ትለኛለህ?»

አበልጃችን የመሣሪያ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠ።

«አንቀላፍቼ ነበር» አለ። «ፍሬኑ ደህና ነበር።»

ባለቤቴ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እግሩ በተቆረጠ ጊዜ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ከዚያ፣ «ግባ፣ ክፈተው» አለው።

መጋዘናችንን ጠርጌ ወለሉን አጠብኩ፤ አበልጃችን የካምቢዮውን ውስጥ አቧራ እንዳይነካው ብሎ ንጹሕ አንሶላ ስለጠየቀኝ ሰጠሁት። ሲከፈት የውስጡ ዲስኮች ተቃጥለው ጠቁረዋል። አዲሶቹ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ ዘመዱ ቤት ሰነበተ። ሲገጥም ባለቤቴ አጠገቡ ተቀምጦ ዕቃ ያቀብለዋል። ከሥራው ውጭ ብዙም አላወሩም።

መኪናው ሲሞከር ወደፊት ሄደ፤ ወደኋላ ግን አልመለስ አለ። አበልጃችን ከጋቢናው ወርዶ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘይት የሚያግደውን አንዱን ጎማ አጣምሜ ነው የከተትኩት፤ እንደገና አወርደዋለሁ» አለ። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀና ክሪኩን ሊያቀርብለት ሄደ።

ሁለተኛው ገጠማ ያዘ። መኪናው ቡናም ሙዝም እየጫነ ብዙ ሠራልን፤ ባለቤቴ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ራሱ ነዳው። እንደ ጥንቱ ጓደኛሞች ሆኑ አልልም። ግን አበልጃችን ታምሞ ቴፒ በተኛ ጊዜ ባለቤቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየነዳ ሊጠይቀው ይሄድ ነበር። አንዳንዴ እኔም እሄዳለሁ። ባለቤቴ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ይነግረዋል፤ አበልጃችን ዓይኑን ገልጦ ይሰማል።